የናፍጣ ሞተር ጥላሸት፦ ከማሳጠባችሁ በፊት ምንጩን ፈልጉ

ጎንደር ውስጥ ዲፎርዲ የሚባለውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር የያዘ ሃይሉክስ ወይም ሚኒባስ የሚያሽከረክር ሰው አንድ ቀን «ሞተሩ ካርቦን ይዟል፣ ይታጠብ» መባሉ አይቀርም። መታጠቡ ክፋት የለውም። ግን ከልክ በላይ የተከማቸ ጥላሸት አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ብልሽት ምልክት ነው። ብልሽቱ ሳይገኝ ማኒፎልዱን (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበትን ቱቦ) ብቻ ያሳጠበ ሰው ብዙም ሳይቆይ እዚያው ጋራዥ ይመለሳል።

በመጀመሪያ ጥላሸቱ እንዴት እንደሚገባ። ኢጂአር የሚባለው ቫልቭ ከሞተሩ ከሚወጣው ጭስ ከፊሉን ወደ ውስጥ ይመልሳል። ይህ የቃጠሎውን ሙቀት ዝቅ አድርጎ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ይቀንሳል። ደረቁ ጥላሸት ከሞተሩ መተንፈሻ ከሚመጣው የዘይት ተን ጋር ሲገናኝ ማኒፎልዱ ላይ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል። እኛ ጋ ደግሞ የከፍታው ጉዳይ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ዘመናዊ ሞተር ይህን በሴንሰር እየለካ ናፍጣውን ይመጥናል፤ ሴንሰሩ ከቆሸሸ ግን ልኩ ይዛባና ያልነደደው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ይሆናል።

ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲወጣ ጉልበት ያጣል

ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ ዳገት ላይ የሚደክም፣ ቼክ ኢንጂን የሚያበራ፣ አጥፍታችሁ ስታስነሱት ደግሞ ምንም እንዳልነበረ የሚሄድ መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ላይ ነው። የዘመኑ ቱርቦ ውስጥ የጭሱን መተላለፊያ የሚያጠቡና የሚያሰፉ ክንፎች አሉ። ጥላሸት ሲይዛቸው የአየሩ ግፊት ከሚፈለገው በላይ ወይም በታች ይሆናል፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል።

ቱርቦ ይፈታ ከመባሉ በፊት ግን ሞተሩ ሲበርድ ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (የአየር ማቀዝቀዣው)፣ ከዚያም ወደ ማኒፎልድ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች በእጃችሁ ዳብሱ። የተሰነጠቀ ቱቦ ዙሪያውን በዘይትና በአቧራ ይረጥባል። አየር ያፈሳል፣ ጉልበት ያሳጣል፣ ጥቁር ጭስ ያስወጣል፤ ዋጋው ግን ከቱርቦ ጋር አይወዳደርም። የአየር ፊልትሮውንም አውጥታችሁ እዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ሳይያዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄዱ ይታይ፤ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ከሆነ በስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ መመርመሪያ) ይታዘዛል እንጂ በእጅ አይገፋም። ከተያዘ ቱርቦው ወርዶ ይጸዳል።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፣ ሲረገጥ ጥቁር ጭስ ይለቃል

ኢጂአሩ ተከፍቶ ቀርቶ ይሆናል። ቫልቩና ማኒፎልዱ ከሞተሩ ላይ ወርደው ይታጠቡ። ሞተሩ እየሠራ በአየር መግቢያው በኩል የካርቡሬተር ማጠቢያ የሚረጭ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት፤ የናፍጣ ሞተር ከአየሩ ጋር የገባለትን ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ ስለሚያነድ ቁልፉ ቢዘጋም ሳይቆም ሊጋልብ ይችላል። የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይጸዳል፤ በጨርቅም በጣትም አይነካም።

«ኢጂአሩን በላሜራ ድፈነው» የሚለውን ምክር እኔ አልቀበልም። ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው ጭስ ሳይመጣ ሲቀር ስህተት ይመዘግባል፣ መርዛማው ጋዝም ይጨምራል። ያንን አየር አራዳ ላይ ታክሲ የሚጠብቁት ልጆቻችን ናቸው የሚስቡት።

የዘይት መብራቱ ጠዋት ቶሎ አይጠፋም

ይህን ምልክት በፍጹም አትለፉት። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የቶዮታ 1ኬዲ፣ ማለትም ባለ 3.0 ሊትሩ ዲፎርዲ፣ ችግሩ በደንብ የታወቀ ነው። ናፍጣ የሚረጨው እያንዳንዱ ኢንጄክተር ቴስታታው (የሞተሩ ላይኛው ክፍል) ላይ የሚቀመጥባት ትንሽ የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) አለች። እሷ ማሳለፍ ስትጀምር የቃጠሎው ጋዝ በኢንጄክተሩ ጎን ሽቅብ ይወጣና ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ይወፍራል፣ ጥላሸቱ እየተጓጎለ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ይጠራቀማል። ፖምፓው ዘይት የሚስብበት አፍ ላይ ወንፊት አለ፤ ጓጓላው ቀስ በቀስ እሱን ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ብሮንዚናውም (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት) ቱርቦውም ያለ ዘይት ይሠራሉ፤ ደህና ይሄድ የነበረ ሞተር መንገድ ላይ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ አድርጉት፤ ጋዝ በምት በምት እየገፋ ክዳኑን የሚያንገጫግጨው ከሆነ መጠርጠር አለባችሁ። ጋዙ ከሮንዴላው ሳይሆን ከፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ሊመጣ ስለሚችል ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ግፊት) ይለካ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከኢንጄክተሮቹ አካባቢ «ችስ ችስ» የሚል ድምፅ ካለ ወይም የቫልቭ ክዳኑ ሲነሳ አንዱ ኢንጄክተር ዙሪያውን ጠንካራ ጥቁር ቅርፊት ከያዘ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

መፍትሄው ሙሉ መሆን አለበት። ኢንጄክተሮቹ ወጥተው መቀመጫቸው ይጸዳ፣ ሁሉም ሮንዴላዎች በአዲስ ይቀየሩ፤ አሮጌዋን በእሳት አግሎ መመለስ ችግሩን ማቆየት ነው። እግረ መንገዱን ኢንጄክተሮቹ ይፈተሹ፤ አዲስ ከገባ የሚጠይቀው ኮድ በስካነር ይመዝገብ። ከዚያ ታችኛው ኮፓ ወርዶ ወንፊቱ በዓይን ይታይ። ብዙ ሰው ሮንዴላውን ቀይሮ ኮፓውን ሳያወርድ ይሄዳል፣ ሞተሩን የሚያጠፋው ግን አስቀድሞ የወረደው ጓጓላ ነው። ኮፓው ሳይወርድ የሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ መጨመርም አደጋ አለው፤ ግድግዳ ላይ የያዘውን ሁሉ ባንዴ ፈትቶ ወንፊቱ ላይ ይጥለዋል። አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ቅያሪ ከተለመደው ጊዜ ቀደም ይበል። በእኛ አቧራና አጭር ጉዞ እኔ ከ5,000 ኪሎ ሜትር አላሳልፍም።

ሞተሩ አይሞቅም

የሙቀት ጌጁ ከግማሽ በታች የሚቀር ከሆነ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈው ቫልቭ) መኖሩን ጠይቁ። «መኪናው እንዳይግል» ተብሎ ተነቅሎ የተጣለበት መኪና ብዙ ነው። ሞተሩ 80 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ ናፍጣው በደንብ አይነድም፣ ጥላሸትም ይበዛል። ይመለስ፤ የሚግል ከሆነ ራዲያተሩና የውሃ ፖምፓው ይታዩ።

የዘይቱ መጠን ይጨምራል፣ የማጣሪያ መብራት ይበራል

ይህ ዲፒኤፍ የሚባል የጭስ ማጣሪያ ያላቸውን አዳዲስ መኪናዎች ይመለከታል። ዲፒኤፍ ጥላሸቱን ይዞ በ600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ራሱ ያቃጥለዋል። ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ ብቻ የሚመላለስ መኪና ማቃጠሉን ይጀምራል እንጂ አይጨርስም፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ለማቃጠያ የሚረጨው ትርፍ ናፍጣም በፋሻው አልፎ ኮፓ ውስጥ ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አሽትቱት። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተና ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ከሆነ ሳትነዱ ዘይቱን ቀይሩ፤ የሚያፈስ ኢንጄክተርም እንዳይኖር ይታይ። ዘይቱ አመዱ አነስተኛ የሆነ፣ ለዲፒኤፍ የተሠራ ይሁን።

ዘይቱ ደህና ሆኖ መብራቱ ብቻ ከበራ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን በማክሰኝት አቅጣጫ ውጡና ማርሹን አንድ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሞተሩን ከ2,000 ዙር በላይ ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትቆሙ ንዱ። መብራቱ ካልጠፋ ወይም ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ በስካነር ታዝዞ ይቃጠል፣ ካልሆነም ማጣሪያው ወርዶ ይጽዳ።