ግራይንደሩ ሰነፈ ብላችሁ ትልቅ ከመግዛታችሁ በፊት

የወለል ግራይንደር (የኮንክሪት ወለል የሚሞርድ ማሽን) እየጮኸ እየዞረ ኮንክሪቱን አልነካ ካለ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ሳይሆን የዲስኩ ነው። ሻካራ አሸዋ ወለሉ ላይ በተን አድርጉና ማሽኑን ጥቂት ደቂቃ ላዩ ላይ ንዱት፤ መልሶ መንከስ ይጀምራል። ኮንክሪቱን የሚሞርደው ዲስኩ ላይ ያለው ዳይመንድ ነው፤ እሱም የተቀበረው ብረት ውስጥ ነው። ከጠንካራ ኮንክሪት የሚወጣው ብናኝ ደቃቅ ስለሆነ ብረቱን አይበላውም፤ ላይ ያለው ዳይመንድ ይዶለዱማል፣ ከሥር ያለው ደግሞ ብቅ አይልም። አሸዋው ብረቱን ሞርዶ አዲሱን ዳይመንድ ያወጣዋል።

ዲስክ ስትገዙም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ለጠንካራ ወለል ለስላሳ ቦንድ (ዳይመንዱን የያዘው ብረት)፣ በሚስማር ሲጫር ለሚፈረፈር ወለል ጠንካራ ቦንድ። ይህን የማያውቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አሸዋውን የሚፈረፈር ወለል ላይ እንዳትሞክሩት፣ ዲስኩን ቶሎ ይጨርሰዋል። ፖሊሽ ደረጃ ላይ ከደረሳችሁም ተዉት፣ ይጭራል። አቧራው ሳንባ ይጎዳልና ያለ ማስክ አትሥሩ፤ ጨርቅ ማሰር ማስክ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማሽኑ አሁንም ካነሰባችሁ፣ ትልቅ ከመግዛታችሁ በፊት የሳይቱን መብራት እዩ። ትልልቆቹ 380 ቮልት ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) ይፈልጋሉ፤ ያላለቀ ሕንፃ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት 220 ብቻ ነው።