ኢንሱሊን በራስ እጅ መውጋት፦ ከብልቃጡ እስከ መርፌው መጣያ

ራሴን ኢንሱሊን እንድወጋ የተነገረኝ ቀን የፈራሁት መርፌውን ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። መርፌው አጭርና ቀጭን ነው፤ ብዙ ጊዜ መግባቱ እንኳን አይታወቅም። መፍራት የነበረብኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሲሪንጁ ላይ ያለችውን ትንሽ መስመር፣ ፀሐይ የመታውን ብልቃጥ፣ ደግሞ "እዚህ ጋ አያመኝም" እያልኩ ሁልጊዜ የምወጋትን አንዲት ቦታ። ሁሉም ጋ እንደርሳለን።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ስንት ዩኒት (የኢንሱሊን መጠን መለኪያ)፣ በቀን ስንቴ የሚለውን የሚወስነው የሚከታተላችሁ ሐኪም ነው። እዚህ የምጽፈው የታዘዘላችሁ መጠን ሳይጎድል ሳይተርፍ ሰውነታችሁ ውስጥ እንዲገባ ስለማድረግ ነው። እሱም ራሱ ከሚመስለው በላይ ሥራ አለው።

"ለምን ክኒኑን አትወስድም?" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ኢንሱሊን የደም ስኳርን የሚያወርድ ሆርሞን ነው፣ የተሠራውም ከፕሮቲን ነው። ብትውጡት እንደማንኛውም ምግብ ተፈጭቶ ይቀራል። ስለዚህ በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ በኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የታከመው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ከተወጋበት ጊዜ አንስቶ እስከ ዛሬ ዋናው መንገድ መርፌ ነው።

መጀመሪያ ስሙን አንብቡ

ኢንሱሊን ሁሉ አንድ አይደለም። ሬጉላር የሚባለው ጥርት ያለ ነው፤ ከተወጋ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ሥራ ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ስለዚህ የሚወጋው ምግብ ሊቀርብ 30 ደቂቃ ሲቀረው ነው። እንደ አስፓርትና ሊስፕሮ ያሉት ከዚህም ይፈጥናሉ፤ እነሱን ወግታችሁ "ምግቡ ገና ነው" ማለት አደጋ ነው። ኤን ፒ ኤች፣ በልማድ ሌንቴ የሚሉት፣ ደፈረስ ያለ፣ ወተት የሚመስል ነው፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ግላርጂን ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ 24 ሰዓት አካባቢ፣ ብዙ ከፍና ዝቅ ሳይል ይሠራል።

አሁን ወጥመዱ የቱ ጋ እንደሆነ ተመልከቱ። ግላርጂንም ጥርት ያለ ነው፣ ፈጣኖቹም ጥርት ያሉ ናቸው። ማታ በእንቅልፍ ዓይን የግላርጂኑን ዶዝ ከፈጣኑ ብልቃጥ የቀዳ ሰው ሌሊቱን ስኳሩ ወርዶ ሊነሳ ላይችል ይችላል። መልካቸውን አትመኑ። ከመቅዳታችሁ በፊት ስሙን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ የሚያበቃበትንም ቀን እዩ። እኔ በአንዱ ብልቃጥ ላይ ላስቲክ አስሬበታለሁ፤ ጨለማ ውስጥ እንኳን በእጄ አውቀዋለሁ።

አቀማመጥ

ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ። የጀመራችሁት ብልቃጥ ግን ውጭ መቀመጥ ይችላል። ክፍሉ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ (ልኩ እንደየዓይነቱ ይለያያልና ማሸጊያው ላይ ያለውን እዩ) አብዛኛው 28 ቀን ድረስ ይቆያል። የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ፤ "ባለፈው ወር መሰለኝ" አያዋጣም። ቀዝቃዛ ኢንሱሊን ሲወጋ ስለሚያቃጥል ከፍሪጅ አውጥታችሁ ትንሽ ማቆየት ጥሩ ነው።

ከሙቀት ባልተናነሰ የሚያበላሸው በረዶ ነው። ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አድሮ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀልጦ ደህና ቢመስልም መጣል አለበት። በአውሮፕላን ስትሄዱም በእጅ ሻንጣ ያዙት እንጂ ለጭነት አትስጡት፤ እዚያ ቅዝቃዜው ሊያገኘው ይችላል። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥሎ መሄድ ደግሞ አይነሳ። ጥርት ያለ መሆን የነበረበት ከደፈረሰ፣ ወይም ደፍራሳው ሲቀላቀል ጓል ካበጀ ወይም ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ፣ እሱ ኢንሱሊን አብቅቶለታል።

ሲሪንጁ ላይ ያለችው መስመር

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። በአብዛኛው ቦታ የሚገኘው ኢንሱሊን ዩ-100 ይባላል፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት አለው ማለት ነው። ዩ-40 የሚባልም አለ፣ በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት። ለየራሳቸው የተሠራ ሲሪንጅ አላቸው። ዩ-100 ኢንሱሊንን በዩ-40 ሲሪንጅ "20" የሚለው መስመር ድረስ ብትቀዱ የገባው 20 ሳይሆን 50 ዩኒት ነው። ሁለት እጥፍ ተኩል! ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥርና ሲሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ሳታዩ አትቅዱ። የኢንሱሊን ያልሆነ፣ በሚሊ ሊትር ብቻ የተሰመረ ተራ ሲሪንጅ ደግሞ ጭራሽ አትጠቀሙ።

ትክክለኛው ሲሪንጅም ቢሆን መስመሩ ይለያያል። ግማሽ ሚሊ ሊትር በሚይዘው 50 ዩኒት ሲሪንጅ አንዷ መስመር አብዛኛውን ጊዜ 1 ዩኒት ናት። በ100 ዩኒቱ ግን አንዷ መስመር 2 ዩኒት ትሆናለች። ፋርማሲው የለመዳችሁትን ጨርሶ ሌላ ሲሰጣችሁ መስመር እየቆጠራችሁ ከሆነ ዶዙ እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩን አንብቡ እንጂ መስመር አትቁጠሩ። ዓይኑ የደከመ ሰው ካለ አጉሊ መነጽር ይያዝ፣ ወይም ሌላ ሰው ያይለት። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

መቅዳት

እጅን በሳሙና ታጠቡ። ደፍራሳው ኢንሱሊን ከሆነ በሁለት መዳፍ መሀል 10 ጊዜ ያህል አንከባልሉት፣ ከዚያ 10 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት። እንደ ሳል ሽሮፕ አትናጡት፣ አረፋ ይሠራል። የጎማውን ክዳን በአልኮል ጠርጋችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ የምትወጉትን ያህል አየር ሲሪንጁ ውስጥ ሳቡና ብልቃጡ ውስጥ ግፉት፤ አለዚያ ፈሳሹ አልወጣም ብሎ ይታገላችኋል። መርፌው ሳይወጣ ብልቃጡን ዘቅዝቃችሁ የታዘዘውን ሳቡ። አረፋ ካለ በጣት ነካ ነካ አድርጉትና ወደ ላይ ሲወጣ መልሳችሁ ግፉት፣ የጎደለውን ጨምሩ። ትንሽ አረፋ ከቆዳ ሥር ቢገባ አይገድልም፤ ችግሩ የኢንሱሊኑን ቦታ ይዞ ዶዙን ማሳነሱ ነው።

ሬጉላርና ኤን ፒ ኤች በአንድ ሲሪንጅ ቀላቅላችሁ እንድትወጉ ከታዘዘላችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ አየር ለደፍራሳው፣ ከዚያ አየር ለጥርት ያለው፣ ከዚያ ጥርት ያለውን ቅዱ፣ በመጨረሻ ደፍራሳውን። ጥርት ያለው ሁልጊዜ ይቀድማል፣ ምክንያቱም ደፍራሳው ወደ ጥርት ያለው ብልቃጥ ከገባ ያንን ብልቃጥ ያበላሸዋል። ግላርጂን ከማንም ጋር አይቀላቀልም።

የት?

ሆድ፣ የጭን የላይኛውና የውጭው ጎን፣ መቀመጫ፣ የላይኛው ክንድ የኋላ ክፍል። ኢንሱሊን የሚገባው ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ እንጂ ጡንቻ ውስጥ አይደለም። ሆድ ላይ ከሆነ ከእምብርት ራቅ በሉ፣ ጠባሳም አትውጉ።

የኔ ጥፋት እዚህ ነበር። ከእምብርቴ በስተግራ የማታመኝ ቦታ አገኘሁና ወራት ሙሉ እሷኑ ወጋሁ። ቀስ በቀስ ጠንከር ያለ እብጠት አበጀች፣ እኔም ውፍረት መስሎኝ ዝም አልኩ። ስኳሬ ግን ያለ ምክንያት ይወጣ ጀመር፣ ዶዙም ተጨመረልኝ፣ አሁንም ይወጣል። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ልብሴን ገልጣ በእጇ ስትዳብሰው ወዲያው ገባት። ሁልጊዜ የሚወጋ ቦታ ስቡ ያብጣል፣ ስሜቱም ይደነዝዛል፤ ለዚህ ነው ያላመመኝ። እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን ደግሞ እንደፈለገው ነው ወደ ደም የሚገባው፣ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ በአንዴ ይመጣል። ሌላ ያስተማረችኝ ነገር አለ፤ ከእብጠቱ ወደ ደህና ቦታ ስትዞሩ የተጨመረው ዶዝ ሊበዛባችሁ ስለሚችል ሐኪሙን ሳታናግሩ በአንዴ አትዙሩ፣ የስኳር መለኪያችሁንም ቶሎ ቶሎ ተጠቀሙ።

ስለዚህ ቦታ ቀያይሩ። ሆዳችሁን በሐሳብ አራት ክፈሉትና በየሳምንቱ አንዱን ሩብ ያዙ፤ በዚያው ሩብ ውስጥ እያንዳንዱ መርፌ ካለፈው ቢያንስ አንድ ጣት ያህል ይራቅ። በወር አንዴ ደግሞ በጣት ዳብሱት፣ ዓይን የማያየውን እጅ ያገኘዋል።

መውጋቱ

ይሄ ከሁሉም አጭሩ ነው። ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። በሲሪንጅ ስትወጉ ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ ክተቱ፤ ቀጭን ሰው ከሆናችሁ ወይም መርፌው ረዘም ካለ 45 ዲግሪ ዘንበል ይበል። ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ግፉ፣ ትንሽ ቆዩና አውጡ። አትሹት፤ መታሸት ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። ጠብታ ደም ብታዩ አትደንግጡ።

ፔን (እስክሪብቶ የሚመስል የኢንሱሊን መውጊያ) የምትጠቀሙ ከሆነ አዲስ መርፌ ግጠሙ፣ ሁለት ዩኒት ወደ አየር ተኩሳችሁ ጫፉ ላይ ጠብታ መውጣቱን እዩ፣ ከዚያ ዶዛችሁን አዙሩ። ቁልፉን እስከ መጨረሻ ተጭናችሁ እስከ 10 ቆጥራችሁ አውጡ፤ ቸኩሎ የነቀለ ሰው ቆዳው ላይ እርጥበት ያያል፣ እሱ የፈሰሰ ዶዝ ነው። ለፔን 4 ሚሊ ሜትር መርፌ ለአብዛኛው አዋቂ ይበቃል፣ መቆንጠጥም አያስፈልገውም። ስትጨርሱ መርፌውን ንቀሉት። ፔን ለሌላ ሰው አይዋስም፣ መርፌው ቢቀየርም እንኳን፤ ደም ወደ ውስጥ ተመልሶ ሊገባና በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

መውጋታችሁን ረሳችሁ? "ላካክሰው" ብላችሁ በሚቀጥለው እጥፍ አትውጉ። ወግቼ ይሆን አልወጋሁም የሚል ጥርጣሬ ከመጣ ስኳራችሁን ለኩና የሚከታተላችሁን ሰው ጠይቁ። ሁልጊዜ ከወጋሁ በኋላ ሰዓቱን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ስኳር ሲወርድ

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውና አብሮት የሚኖር ሁሉ ይህን በቃሉ መያዝ አለበት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መነጫነጭ፣ ግራ መጋባት። መለኪያው በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም (mg/dL) በታች ካሳየ ስኳራችሁ ወርዷል። መለኪያ አጠገባችሁ ከሌለ እንደወረደ ቁጠሩት። ወዲያው 15 ግራም ያህል ስኳር ውሰዱ፤ በውኃ የተበጠበጠ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጁስ። ዳየት የሚል ለስላሳ አይጠቅምም፣ ቸኮሌትም ስቡ ስለሚያዘገየው ለዚህ ሰዓት አይሆንም። 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ፣ ካልተነሳ ድገሙ። ሲስተካከል፣ የምግብ ሰዓት ገና ከሆነ፣ የሚያቆይ ነገር ቅመሱ።

ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይደረግም፣ ትን ብሎት ሊሞት ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ ግሉካጎን (የወረደ ስኳርን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት) ካለ ስጡት፣ ድንገተኛ እርዳታ ጥሩ። ከወትሮው የበዛ እንቅስቃሴ፣ የተዘለለ ምግብ፣ በባዶ ሆድ የተጠጣ አልኮል ስኳር ከሚያወርዱት ዋናዎቹ ናቸው፤ አልኮሉ እንዲያውም ከሰዓታት በኋላ፣ በእንቅልፍ ላይ ሊያወርድ ይችላል።

በተቃራኒው ስትታመሙ፣ ሲያስመልሳችሁና ምግብ እምቢ ሲላችሁ፣ "ካልበላሁ ለምን እወጋለሁ" የሚለው ሐሳብ ይመጣል። በተለይ ዓይነት 1 ስኳር ላለበት ሰው ቆይቶ የሚሠራውን ኢንሱሊን ማቆም ኬቶን (ሰውነት በስኳር ፋንታ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ፣ ሲበዛ ደምን የሚመርዝ አሲድ) አጠራቅሞ ሆስፒታል ያስገባል። ሕመም ራሱ ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ዶዙ ሊስተካከል ይችላል፣ በራስ ውሳኔ ግን አይቆምም። ቶሎ ቶሎ ለኩ፣ ፈሳሽ ጠጡ፣ ደውሉ። ማስመለሱ ካላቆመ፣ ትንፋሽ ከፈጠነ ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ መጠበቅ የለም፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

መርፌው ከተወጋ በኋላ

ለአንድ ጊዜ ነው የተሠራው። ሲደጋገም ጫፉ ይደንዛል፣ ያማል፣ ያን እብጠት ያመጣል። ያገለገለውን እንዲሁ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፣ ቆሻሻ የሚያነሳው ሰው ጣት ላይ ነው የሚሰካው። ለዚህ የተሠራ ሣጥን ከሌላችሁ ወፍራም፣ የማይበሳ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ፣ ላዩ ላይ "መርፌ" ብላችሁ ጻፉና ልጅ በማይደርስበት አስቀምጡ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር አሽጉትና ጤና ጣቢያውን ወይም ፋርማሲውን የት እንደምትወስዱት ጠይቁ፤ ቀጣዩን ጠርሙስ ግን ከዚያ በፊት አዘጋጁ፣ እኔ አንዴ ሳላዘጋጅ ቀርቼ ለሁለት ቀን መርፌ በሻይ ቴርሞስ ውስጥ አጠራቅሜያለሁ።