ኪክስታርትን በቺፕ ላይ መጻፍ

የአሚጋ 500 ኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሠረቱ ኪክስታርት ነው። እሱም የሚኖረው ዲስክ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ በተሰካ ባለ 40 እግር ሮም (የሚነበብ ብቻ የማስታወሻ ቺፕ) ውስጥ ነው። ስለዚህ ስሪቱን መቀየር ማለት ቺፑን መቀየር ነው።

የሚገዛው ባዶ ኢፒሮም (በብርሃን ጠፍቶ እንደገና የሚጻፍበት ሮም) 27ሲ400 ነው፤ 512 ኪሎባይት ይይዛል፣ በአንድ ጊዜ 16 ቢት ያወጣል። 27ሲ4002 የሚባለውን እንዳይገዙ። መጠኑም የእግሩ ቁጥርም አንድ ነው፣ የእግሮቹ አደራደር ግን ሌላ ነው። ብዙ ርካሽ ፕሮግራመሮችም (ቺፕ ላይ የሚጽፉ መሣሪያዎች) 27ሲ400ን ያለ አዳፕተር አይቀበሉም።

ቺፑ ያገለገለ ከሆነ መጀመሪያ መጥፋት አለበት። ቺፑ አናት ላይ ካለው የመስታወት መስኮት ሙጫውን በአልኮል ይጥረጉ፤ ከዚያ ከአልትራቫዮሌት መብራቱ በ2.5 ሴንቲሜትር ርቀት 20 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። መብራቱን በዓይን ማየት አደገኛ ነው፤ ሳጥኑ ይዘጋ። ሲወጣ ሁሉም ባይት ኤፍኤፍ፣ ማለትም ስምንቱም ቢት 1፣ መሆን አለበት። ፕሮግራመሩ 1ን ወደ 0 ይለውጣል እንጂ 0ን ወደ 1 መመለስ አይችልም፤ በደንብ ያልጠፋ ቺፕ የሚበላሸው በዚህ ነው።

አሁን ፋይሉ። ከራስዎ ሮም ያንብቡት ወይም ፈቃድ ያለውን ይግዙ። 1.3 ስሪት 256 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ሁለት ቅጂ አከታትለው 512 ያድርሱት፤ ቦርዱ የትኛውንም ግማሽ ቢያነብ ያገኘዋል። ቀጥሎ የፋይሉን ባይቶች በሚያሳይ ፕሮግራም፣ በሄክስ ኤዲተር፣ ይክፈቱት። የ512 ኪሎባይት ኪክስታርት 11 14 4ኢ ኤፍ9 ብሎ ይጀምራል። የአሚጋው ፕሮሰሰር 68000 ከፍተኛውን ባይት ያስቀድማል፣ ፕሮግራመሮች ግን በአብዛኛው ዝቅተኛውን፤ ስለዚህ ወደ ቺፑ የሚሄደው ፋይል 14 11 ኤፍ9 4ኢ ብሎ መጀመር አለበት። ሶፍትዌሩ ራሱ የሚያገላብጥ ከሆነ እርስዎ አይድገሙት፤ ሁለቴ የተገላበጠ ወደነበረበት ይመለሳል። ብዙ ሰው ቺፑን የሚወቅሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው።

ከጻፉ በኋላ ከፋይሉ ጋር ያስተያዩት፤ መስኮቱን ብርሃን በማያስገባ ተለጣፊ ይሸፍኑ። የአዲስ ቺፕ እግሮች ወደ ውጭ የተከፈቱ ናቸው፤ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው በቀስታ ወደ ውስጥ ይግፏቸው። ኃይሉን አጥፍተው፣ የጫፉን ግማሽ ክብ ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር አስማምተው ይሰኩት። ተገላቢጦ የተሰካ ቺፕ ሊቃጠል ይችላል።

ሲበራ ስክሪኑ ቀይ ከሆነ የሮሙ ቼክሰም (ይዘቱ ትክክል መሆኑ የሚፈተሽበት ድምር) አልገጠመም። አረንጓዴ ከሆነ ችግሩ የሚፈለገው ከቺፕ ራም (ከአሚጋው ዋና የሥራ ማስታወሻ) ነው፣ ከእርስዎ ሥራ አይደለም። ጥቁር ሆኖ ከቀረ የባይቶቹን ቅደም ተከተል እንደገና ይዩ፤ እሱ ልክ ከሆነ ቺፑን ነቅለው ከሥሩ የታጠፈ እግር ይፈልጉ።