ዳሌኮቹን ደግማችሁ አትግደሏቸው፦ የድሮ ጠላት ሲመለስ የሚሠሩ ስህተቶች

ዕድሜው የረዘመ ተከታታይ ፊልም አንድ ቀን የድሮ ጠላቱን ማምጣቱ አይቀርም። ተመልካቹ ይናፍቀዋል። ደራሲው ልጅ ሳለ ያስፈራውን ነገር አሁን በራሱ እጅ መጻፍ ያምረዋል። ጣቢያውም ለማስታወቂያ ይፈልገዋል። ከዚያ ጠላቱ ይመጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይጮሃል፣ ይፈነዳል፣ አለቀ። እኛም «ይሄ ነው እንዴ?» ብለን እንቀራለን።

ለዚህ ጉዳይ ከቢቢሲው «ዶክተር ሁ» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1963 ጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፣ በ1989 ቆመ፣ በ2005 እንደገና ተነሣ። ላላያችሁት፦ ዶክተር የሚባል የሌላ ዓለም ፍጡር በሰማያዊ ሣጥን ከዘመን ዘመን፣ ከኮከብ ኮከብ ይዞራል። ሊሞት ሲል መልኩ ይቀየራል፤ ስለዚህ ተዋናዩ ቢለወጥም ታሪኩ ይቀጥላል። ጠላቶቹም እንደሱ ናቸው፣ ሞቱ ሲባል ይመጣሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ያልተሠራ ስህተት የለም፣ አንዳንዱ እንዲያውም ሁለት ሦስቴ ተሠርቷል። አብዛኛው ደግሞ ከአንድ ምንጭ ነው የሚቀዳው፦ ልብሱን ይመልሱታል፣ ፍርሃቱን ይረሱታል።

በብዛት ለማስፈራራት መሞከር

ትልቁ ይሄ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዶክተሩ ዋና ጠላቶች ዳሌኮች የታዩት ፊልሙ በጀመረ በወሩ፣ በታኅሣሥ 1963 ነው። ቴሪ ኔሽን ጻፋቸው፣ ሬይመንድ ኩሲክ ቅርፃቸውን ሠራ። ኔሽን በልቡ የያዘው ናዚዎችን ነበር፤ ከራሱ ዘር ውጭ ያለው ሁሉ መጥፋት አለበት ብሎ የሚያምን ፍጡር። መልካቸው ግን፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ያስቃል። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ቆርቆሮ። በአንድ እጁ ጠመንጃ፣ በሌላው የተዘጋ ሲንክ የሚከፈትበት ጎማ። እንግሊዞች ለዓመታት «ደረጃ ከወጣችሁ አመለጣችሁ» እያሉ ሲቀልዱባቸው ኖረዋል። በ1988 አንዱ ዳሌክ ደረጃ ሲወጣ በቴሌቪዥን ታይቷል፣ ቀልዱ ግን አልሞተም።

በ2005 ዳሌክን የመመለሱ ሥራ ለሮበርት ሺርማን ተሰጠ። እንዲያውም ሊቀር ነበር፤ ከኔሽን ወራሾች ጋር የነበረው የመብት ድርድር ተበላሽቶ ሌላ ፍጡር እስከማዘጋጀት ደርሰው ነበር። ተስማሙና ክፍሉ ተሠራ። ሺርማን ያመጣው ስንት ዳሌክ መሰላችሁ? አንድ። ያውም የታሰረ፣ የተሰባበረ፣ አሜሪካ ዩታ ውስጥ ከመሬት በታች በአንድ ሀብታም ሙዚየም ውስጥ የሚሰቃይ።

ዶክተሩ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይገባል። የታመመ እንግዳ ፍጡር መስሎት «ልረዳህ ነው የመጣሁት» ዓይነት ነገር ይናገራል። ከዚያ ያ ድምፅ ይሰማል። ጀግናችን ዞሮ በሩን እየደበደበ «አውጡኝ!» ይላል። ዳሌክ አይቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ እዚያች ቅጽበት ላይ ሁሉም ነገር ይገባዋል። ታሪክ ማብራራት አላስፈለገም፣ ሠራዊት ማሳየትም አላስፈለገም፣ የማይፈራ ሰው ሲፈራ አየን፣ በቃን።

ቀጥሎ የድሮ ቀልዶችን አንድ በአንድ ይበቀላል። ያ የሚያስቀው ጎማ የሰው ፊት ላይ ተለጥፎ ይገድላል። ደረጃው ላይ አንዱ ሲያሾፍበት ዳሌኩ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል። ወታደሮቹ በተኩስ ሲያዋክቡት የእሳት ማጥፊያውን ውኃ ከጣሪያ ይለቅና እርጥቡ ወለል ላይ ይተኩሳል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ያልቃሉ። መጨረሻው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የዶክተሩ ጓደኛ ሮዝ ስለነካችው የሰው ባሕርይ ገብቶበታል። ንጹሕ አይደለሁም ብሎ ራሱን ይጠላል፤ እንድሞት እዘዢኝ ይላታል። ኔሽን በ1963 ያስቀመጠው ሐሳብ ማለት ይሄ ነው፦ የተለየውን ሁሉ የሚጠላ ፍጡር ራሱ የተለየ ሲሆን።

በዚያው ሲዝን መጨረሻ ግማሽ ሚሊዮን ዳሌክ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሚሊዮኖች። ከዚያ ዓለማትን የሚሰርቅ ሠራዊት። በየጊዜው «ሁሉም አለቁ» ይባላል፣ በየጊዜው አንድ የተረፈ ይገኛል። ማር እንኳ ሲበዛ ይመራል። አንዱ ዳሌክ ሕንፃ ሙሉ ሰው ከጨረሰ፣ ሚሊዮኑ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በአንድ ብልጭታ ወይም በአንድ ቁልፍ ሲጠፋ የሚቀንሰው የአንዱም ክብር ነው። ይህን የተረዱ ሰዎች ኋላ ላይ ተመልሰውበታል፦ በ2013 የማርስ ተዋጊ የሆነውን «አይስ ዋሪየር» ሲመልሱ አንዱን ብቻ፣ በሶቪየት ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ አስቀመጡት። በ2019 አዲስ ዓመት ቀንም አንድ ዳሌክ ብቻ አመጡ። ሁለቱም ሠርተዋል።

ቀለም ቀብቶ «አዲስ ነው» ማለት

በ2010 ዳሌኮቹ ተቀየሩ። ትልልቅ፣ ጀርባቸው ያበጠ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ። ብዙ ተመልካች የአሻንጉሊት ሱቅ መስኮት ነው የመሰለው፣ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ የድሮዎቹ ነሐስ ቀለሞች ተመልሰው ግንባሩን ያዙ፤ አዲሶቹ ከኋላ ቆመው ቀሩ።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ዳሌኮቹ በተቀየሩበት በዚያው የ2010 ክፍል የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ድንቅ ነገር ነበር። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ለንደን፣ የቸርችል ምሽግ። ዳሌኮቹ ወታደራዊ ቀለም ተቀብተው፣ የእንግሊዝ ባንዲራ ለጥፈው፣ ትሪ ይዘው ሻይ ያቀርባሉ! ዶክተሩ ብቻ ነው ምን እንደሆኑ የሚያውቀው፣ ማንም አያምነውም። ያው የድሮው ቅርፅ ነው፤ ግን ትሑት ሆኖ ማየቱ ጠጉር ያቆማል። ያን ትተው ወደ ቀለሙ ሮጡ።

ከዚህ ተቃራኒውን በሳይበርሜን እዩ። በ1966 የፈጠሯቸው ኪት ፔድለርና ጌሪ ዴቪስ ናቸው። ፔድለር የሕክምና ተመራማሪ ነበር። ሐሳባቸው ይሄ ነው፦ የሰው አካል ክፍል በክፍል በማሽን እየተተካ ቢሄድ፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው ይቀራል ወይ? የመጀመሪያዎቹ ፊታቸው ጨርቅ ነበር፣ ድምፃቸው እንደ ዜማ ይንሳፈፋል። ከዚያ በኋላ በየዘመኑ ብረታቸው እየጨመረ፣ እርምጃቸው እየከበደ ሄደ፤ በ2013 ደግሞ በዓይን የማይታይ ፍጥነት ተሰጣቸው። በጨመሩ ቁጥር ተራ ሮቦት ሆኑ።

በ2017 የወቅቱ ዋና ደራሲ ስቲቨን ሞፋት ያንን የጨርቅ ፊት መልሶ አመጣው። ብዙ ሰው «በዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ይሄ ሊያስቅ ነው» ብሎ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ነን። ፊታቸው የተሸፈነ ሕሙማን ተቀምጠዋል። አንዱ ቁልፍ እየተጫነ ማሽኑ «ሕመም፣ ሕመም» ይላል። ነርሷ ትመጣለች፣ አንድ ነገር ታስተካክልና ዝም ይላል። ተመስገን፣ ማስታገሻ ሰጠችው ትላላችሁ። የለም! የቀነሰችው ድምፁን ነው። ሰውየው አሁንም ቁልፉን እየተጫነ ነው። ለዚህ ትዕይንት የትኛውም ኮምፒውተር አላስፈለገም። የ1966 ጥያቄ ብቻ ነው የተመለሰው።

ድክመቱን ማርከስ

በ1975 ሳይበርሜን ወርቅ እንደሚጎዳቸው ተነገረ። እሺ፣ የወርቅ ብናኝ ወደ መተንፈሻቸው ገብቶ ያፍናቸዋል፣ ይሁን። በ1988 ግን አንዲት ልጅ በወንጭፍ የወርቅ ሳንቲም እየወረወረች ስትጥላቸው አየን። በ2011 ደግሞ የልጁን ለቅሶ የሰማ አባት በፍቅሩ አፈነዳቸው። አባትነት ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም፤ ግን አንድ ጊዜ በፍቅር የተፈነዳ ጠላት በሚቀጥለው ሲመጣ ማን ይፈራዋል?

ጥሩ ድክመት ከጠላቱ ጠባይ ጋር የተሳሰረ ነው። ሶንታራን የሚባሉት ተዋጊዎች ደካማ ጎናቸው ማጅራታቸው ላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ለሚሸሽ ብቻ ነው ድክመቱ ችግር የሚሆነው። ጎበዝ አስተሳሰብ። በእርግጥ በ2021 አንድ የሊቨርፑል ሰው ያንኑ ማጅራት በመጥበሻ ሲቀጠቅጥ ዋለ፣ ስቄያለሁ፣ ግን...

እግረ መንገዴን፦ ከሶንታራኖች አንዱ፣ ስትራክስ፣ ከ2011 ጀምሮ የቤት ቀልደኛ ሆኗል። እወደዋለሁ። ዘሩን ግን ጨርሶ አጠፋው፤ ከሱ በኋላ የመጣ ሶንታራን አፉን ሲከፍት ሰው ቀልድ ነው የሚጠብቀው።

ለተመልካች የቤት ሥራ መስጠት

በ1985 የወጣ አንድ የሳይበርሜን ታሪክ አለ። እሱን ለመረዳት የ1966ቱንና የ1967ቱን ታሪኮች ማስታወስ ነበረባችሁ። ያኔ የድሮ ክፍል ቤት ቁጭ ብሎ ማየት ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ነው። ለጥቂት አፍቃሪዎች የተጻፈ ደብዳቤ ነው የሚመስለው።

በ2005 የመጀመሪያው ክፍል ላይ የታዩት በሱቅ መስኮት የሚቆሙት የፕላስቲክ አሻንጉሊቶችም የድሮ ጠላቶች ናቸው፣ ከ1970 የመጡ። ይህን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። አሻንጉሊት ይንቀሳቀሳል፣ ሮዝ ትሮጣለች። የሚያውቅ ፈገግ ይላል፣ የማያውቅ ይደነግጣል።

ምስጢሩን ቀድሞ መሸጥ

በ1982 ፕሮዲውሰሩ ጆን ናታን-ተርነር የ«ሬድዮ ታይምስ» መጽሔት ሽፋን ተሰጥቶት እምቢ አለ። ነፃ ማስታወቂያ እምቢ ማለት! ምክንያቱም ሳይበርሜን ሰባት ዓመት ጠፍተው ሊመለሱ ነው፣ ያ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ድንገት መታየት አለበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ ተመልካቹ ባልጠበቀው ሰዓት ተያዘ። በ2007 ግን ያው መጽሔት የሰውና የዳሌክ ድብልቅ የሆነውን ፍጡር ፊት ክፍሉ ሳይታይ ሽፋኑ ላይ አወጣው። በ2017 እንኳ ያንን የጨርቅ ፊት ቢቢሲ ራሱ ቀድሞ አስታወቀ። ዛሬ ምስጢር መጠበቅ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ቢሆንም በራስ እጅ ምስጢሩን መሸጥ ሌላ ነው።

ማግዘፍና ዋጋ አለማስከፈል

ሱቴክ፣ ሕይወትን ሁሉ ማጥፋት የሚፈልግ ኃያል ፍጡር፣ በ1975 ሲመጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አይንቀሳቀስም፣ ታስሯል። ያለው ድምፅ ብቻ ነው፤ የገብርኤል ዉልፍ ድምፅ፣ ለስላሳ፣ የማይቸኩል። በ2024 ተመለሰ፣ ያውም ከ49 ዓመት በኋላ በዚያው ሰው ድምፅ። ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል ሲያልቅ ስሙ ሲገለጥ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ።

በሚቀጥለው ክፍል ግን ሱቴክ በኮምፒውተር የተሠራ ግዙፍ ውሻ ነው። የፍጥረተ ዓለሙን ሕይወት በሙሉ አቧራ አደረገ። ሁሉም ሰው ሞተ ማለት ደግሞ፣ ፊልም ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ማንም አልሞተም ማለት ነው። ዶክተሩ በገመድ አስሮ በጊዜ ውስጥ ጎተተው፣ የሞተው ሁሉ ተነሣ። ጠላቱ በገዘፈ ቁጥር ጉዳቱ ውሸት ይሆናል።

ወደዚያው 1982 ልመልሳችሁ። ሳይበርሜኖቹ የዚያን ቀን የገደሉት የምናውቀው አንድ ልጅ ነው፣ አድሪክ፣ ከዶክተሩ ጋር የሚጓዝ። ብዙዎች እንዲያውም ያናድዳቸው ነበር። ሞተ። አልተመለሰም። የስም ዝርዝሩ ያለ ሙዚቃ አለፈ። በቪዲዮ ቤት «አክተሩ አይሞትም» እያልን ላደግን ሰዎች አክተሩ ባይሞት ግድ የለም፤ ከአጠገቡ ያለው ሰው ግን አንዳንዴ ሞቶ መቅረት አለበት።

ሁለት ሀብት በአንድ ቀን ማባከን

ይሄ የቅርቡ ነው፣ ገና አልበረደልኝም። ራኒ የምትባለው ጨካኝ ሳይንቲስት በ1985 በኬት ኦማራ መጣች፣ በ1987 ተደገመች፣ ከዚያ አንድ የ1993 የበጎ አድራጎት ቁንጽል ዝግጅት ካልቆጠርን ጠፋች። ለዓመታት ምስጢራዊ ሴት በታየች ቁጥር አፍቃሪው «ራኒ ናት!» ይል ነበር። በ2025 በእውነት መጣች፣ አርቺ ፓንጃቢ ሆና፣ ያውም አምራ። ሌላው የድሮ ጠላት ኦሜጋም በዚያው ተመለሰ፣ በ1973 ጭምብሉን ሲያወልቅ ከሥሩ ምንም ሰውነት ያልተገኘለት፣ ከራሱ ፈቃድ በቀር ምንም ያልቀረው ያ አሳዛኝ ሰው። አሁን ግዙፍ አጽም ሆኗል። ከበሩ ወጣ፣ ራኒን ዋጣት፣ ዶክተሩ ተኩሶ መለሰው። ደቂቃዎች ናቸው።

ምን ልትሠራ እንደምትችል ገና እያየን ነበር እኮ። ደግነቱ ራኒ በዚህ ታሪክ ሁለት ሆና ነበር የመጣችው፤ አሮጊቷ፣ አኒታ ዶብሰን የተጫወተችው፣ ነገሩ ሲበላሽ በጊዜ ሹልክ ብላ አምልጣለች። የሚቀጥለው ደራሲ እሷን ሲያነሣት አጽሙን እዚያው ይተውልን።