ቴስቱ አረንጓዴ፣ ሰርቨሩ 502፦ በፕሮክሲ ላይ ቋሚ ግንኙነትን መፈተሽ

ፕሮክሲ በተጠቃሚውና በባክኤንዱ (ጥያቄውን በሚመልሰው ሰርቨር) መካከል ቆሞ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ነው፤ ከባክኤንዱ ደህና መልስ ሲያጣ 502 የተባለ ስህተት ይመልሳል። ቋሚ ግንኙነት ማለት ደግሞ ፕሮክሲው ከባክኤንዱ ጋር አንዴ የከፈተውን ግንኙነት ለብዙ ጥያቄ መጠቀሙ ነው። አንድ ጥያቄ ልኮ 200 (ተሳክቷል) ሲመለስለት የሚያልፍ ቴስት ስለዚህ ግንኙነት ምንም አይነግረንም። ግንኙነቱ ሳይዘጋ መቆየቱ የሚለየው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። ምሳሌዎቼ ኤንጂንኤክስ ከተባለው ፕሮክሲ ናቸው።

ምልክት፦ ቴስቱ ሁሉ ያልፋል፤ ባክኤንዱ ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት ይከፍታል

ኤንጂንኤክስ ለብዙ ዓመታት ካልተነገረው በቀር ባክኤንዱን የሚያናግረው በኤችቲቲፒ 1.0 ነበር። «ኮኔክሽን» የሚለውን ሄደርም (ከጥያቄው ጋር የሚሄድ መግለጫ) «ክሎዝ» (ዝጋ) ብሎ ይልክ ነበር። ስለዚህ በእነዚያ ስሪቶች አፕስትሪም ውስጥ (ባክኤንዶቹ በሚዘረዘሩበት የማዋቀሪያው ክፍል) ኪፕአላይቭ (ክፍት የሚቆዩ ግንኙነቶች) ብሎ ቁጥር መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የኤችቲቲፒውን ስሪት 1.1 አድርጉ፣ ሄደሩን ባዶ አድርጉ።

ለማረጋገጥ፣ የቴስት ባክኤንዱ ፕሮክሲው ከየትኛው ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) እንደመጣ በመልሱ ላይ ይጻፍ። ሁለት ጥያቄ በተከታታይ ላኩ። ፖርቱ አንድ ከሆነ ያው ግንኙነት እንደገና ጥቅም ላይ ውሏል ማለት ነው።

ምልክት፦ ይኸው የፖርት ቴስት አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል

ክፍት የቆዩ ግንኙነቶች የሚቀመጡት በየወርከሩ (ጥያቄ በሚያስተናግደው የኤንጂንኤክስ ፕሮሰስ) ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ሌላ ወርከር ጋ ከደረሰ የመጀመሪያውን ግንኙነት አያገኘውም። በቴስት ጊዜ ወርከሩን 1 አድርጉት። ያም ሆኖ ከቀጠለ «ሎካልሆስት» የሚለውን ስም (የዚያው ማሽን መጠሪያ) ተጠራጠሩ። ስሙ የአይፒቪ4 እና የአይፒቪ6 አድራሻ ካለው፣ ፕሮክሲው እንደ ሁለት ሰርቨር ቆጥሮ ያፈራርቃቸዋል። 127.0.0.1 ብላችሁ ጻፉ።

ምልክት፦ አልፎ አልፎ 502፣ በተለይ በፖስት ጥያቄ ላይ

ከሁሉም የሚያደክመው ይሄኛው ነው፤ ስትፈልጉት ይጠፋል። ምክንያቱ የሁለቱ የመጠበቂያ ጊዜ አለመጣጣም ነው። ለምሳሌ ባክኤንዱ የተሠራበት ኖድጄኤስ ሥራ የፈታን ግንኙነት በነባሪው 5 ሰከንድ ጠብቆ ይዘጋል። ኤንጂንኤክስ ግን 60 ሰከንድ ያቆየዋል። ባክኤንዱ በሚዘጋባት ቅጽበት ፕሮክሲው ጥያቄ ከላከ፣ ጥያቄው የተዘጋ በር ላይ ይደርሳል። ጌት (መረጃ ብቻ የሚጠይቅ) ከሆነ ኤንጂንኤክስ በአዲስ ግንኙነት ደግሞ ይልከዋል። ፖስትን (መረጃ የሚያስገባውን) ግን አንዴ ከላከው አይደግመውም፤ ተጠቃሚው 502 ያያል።

መፍትሄው የባክኤንዱን የመጠበቂያ ጊዜ ከፕሮክሲው ማስበለጥ ነው፤ 75 ሰከንድ ቢሆን ይበቃል። ፖስትም ይደገም ብላችሁ እንዳትከፍቱት አደራ። አንድ ክፍያ ሁለቴ ሊቆረጥ ይችላል።

ይህን በቴስት ለመያዝ ብዙ ሰው 6 ሰከንድ ያስጠብቃል። አይሠራም። በዚያ መሃል ፕሮክሲው መዘጋቱን አይቶ ግንኙነቱን ይጥለዋል። ይልቅ ባክኤንዱ የመጀመሪያውን ጥያቄ በደንብ ይመልስ፤ ሁለተኛውን አንብቦ ሲጨርስ ያለ መልስ ይዝጋው። ያኔ ችግሩ በሞከራችሁ ቁጥር ይደገማል። በጌት 200 ጠብቁ። በፖስት 502 ጠብቁ፤ ባክኤንዱ ጋ የደረሰው ፖስትም አንድ ብቻ መሆኑን ቁጠሩ።

ምልክት፦ የአንዱ መልስ ለሌላው ይደርሳል

ይህ ከታየ ሥራ አቁማችሁ ተከታተሉት፤ የሰው መረጃ እየሾለከ ነው። ባክኤንዱ በሄደሩ ከተናገረው ርዝመት በላይ ሲልክ፣ ወይም ለሄድ ጥያቄ (ሄደር ብቻ ለሚጠይቀው) ገላ፣ ማለትም ይዘት፣ ጨምሮ ሲመልስ፣ ትርፉ ባይት መስመሩ ላይ ይቀራል። ቀጣዩ ጥያቄ ያንን እንደራሱ መልስ ሊያነበው ይችላል። ባክኤንዱን አርሙ። በቴስቱም ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ መለያ ስጡ፤ ሄድ ልካችሁ ወዲያው ጌት አስከትሉ። ትርፍ ባይት ያየ ፕሮክሲ ግንኙነቱን መዝጋት አለበት፤ ሁለተኛው ጥያቄ በአዲስ ፖርት መምጣቱን አረጋግጡ።