በሜኮንግ ዳር የአንድ ቀን የብስክሌት ጉዞ፦ ከክራቼ እስከ ሳምቦር

በካምቦዲያ ከሜኮንግ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለችው ከተማ በካርታ ላይ ክራቲየ ተብላ ብትጻፍም፣ ነዋሪዎቿ የሚጠሯት ክራቼ ብለው ነው። ከዚህች ከተማ ተነሥቶ ወንዙን በግራ እያዩ ወደ ሰሜን እስከ ሳምቦር የሚወስደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ 70 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። መንገዱ ሜዳ በመሆኑ ርቀቱ ማንንም አያስፈራም፤ ተጓዡን የሚጥለው ሙቀቱ ነው። ክራቼ ከጎንደር ጋር በተቀራራቢ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የቀኑ ርዝመት ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም። ይሁንና ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ክራቼ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ ስለዚህ የሚከተለው ዕቅድ ሁሉ የተሠራው እኩለ ቀንን ከጥላ ሥር ለማሳለፍ ነው።

ለጉዞው የሚሻሉት ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ናቸው። ያን ጊዜ ነፋሱ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ጠዋት ፊት ለፊት ቢገጥምም፣ ሲመለሱ ከኋላ እየገፋ ያግዛል።

በከተማው ከሚከራዩት ብስክሌቶች ብዙዎቹ ማርሽ የላቸውም፤ ይህ በሜዳ ላይ አይጎዳም። ጉልበትን የሚጎዳው ዝቅ ያለ ኮርቻ ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ሊዘረጋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ኮርቻውን ከፍ ያስደርጉ፤ ፍሬኖቹንና የካቴናውን ዘይት ይፈትሹ። ጎማ ቢተነፍስ ብዙ አይጨነቁ፤ በየመንደሩ ጎሚስታ አይታጣም፣ ምልክቱም ደጁ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጎማ ነው። በየቤቱ ፊት በለስላሳ ጠርሙስ ተሞልቶ የተደረደረው ቢጫና ቀይ ፈሳሽ ግን ለሞተር ብስክሌት የሚሸጥ ቤንዚን ስለሆነ፣ የጠማው ሰው በጭማቂ እንዳይሳሳት። ዝርዝር ሪየል ይያዙ፤ አንድ ዶላር 4,000 ሪየል ያህል ነው፣ ጫፉ የተቀደደ ዶላር ግን ብዙ ሰው አይቀበልም።

ከንጋቱ 11፡30 ይነሡ። በዚያ ሰዓት በእንጨት ቋሚ ላይ ከፍ ብለው ከተሠሩት ቤቶች ሥር እሳት እየተቀጣጠለ ነው፤ ልጆችም «ሄሎ» እያሉ ይጣራሉ፣ ሁሉንም መመለስ ግን ትንፋሽ ይጨርሳል። ለቁርስ ክሮላን ይግዙ። ክሮላን ተጣባቂ ሩዝ ከኮኮናት ወተትና ከባቄላ ዘር ጋር በቀርከሃ ውስጥ ታጭቆ በፍም ላይ የሚበስል ምግብ ነው። ቀርከሃው አስቀድሞ ስለሚሳሳ እንደ ሙዝ በእጅ ይላጣል፤ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ሩዙ ላይ ተለጥፎ ይወጣል፣ እርሱም ይበላል። ለጾመኛ ከዚህ የሚሻል አላውቅም፤ ሌላው ወጥ ሁሉ አትክልት ቢመስልም የዓሣ መረቅ አያጣውም።

15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ካምፒ ይደርሳሉ፤ የኢራዋዲ ዶልፊኖች የሚታዩት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ በሜኮንግ የቀሩት 89 ብቻ ነበሩ፤ ዋነኛ ገዳያቸውም ለዓሣ የሚዘረጋ መረብ ነው። በጀልባ ሲወጡ ነጂው ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጅ ምልክት ይጠይቁትና ዝም ብለው ይቀመጡ። እንስሳው ከመታየቱ በፊት ትንፋሹ ይሰማል፤ ዞር ሲሉ ክብ ራስና ግራጫ ጀርባ ለአፍታ ብቅ ብለው ይሰወራሉ። ስልክዎን ቢያስቀምጡት ይሻላል፤ ፎቶው ላይ የሚቀረው ውኃ ብቻ ነው።

ከካምፒ በኋላ መንደሮቹ ይሳሳሉ፤ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያላነሰ ውኃ ይጠጡ። በደረቁ ወቅት የሠርግ ድንኳን የመንገዱን ግማሽ ይዞ ቢያገኙት አይደነቁ፤ ይህ ለእኛም አዲስ አይደለም። ወርደው ብስክሌቱን እየገፉ ይለፉ። ውሻ ቢያባርርዎትም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሮጦ ማምለጥ ያብስበታል።

ሳምቦር ከረፋዱ 4፡30 በፊት ይድረሱ። ስሙ «መቶ ምሰሶ» ማለት የሆነውን ቤተ መቅደስ ሲጎበኙ ጫማዎን ያውልቁ፣ ትከሻና ጉልበትዎን ይሸፍኑ፤ ሴቶች መነኮሳቱን መንካት የለባቸውም። በዚያው ግቢ ለስላሳ ቅርፊት ያላቸው ግዙፍ የወንዝ ኤሊዎች የሚጠበቁበት ማዕከል ነበርና፣ ክፍት ከሆነ ይጎብኙት። ከዚያ በኋላ እስከ ቀኑ 9፡00 ምንም አይሥሩ። የመጠጥ መሸጫዎቹ ከምሰሶ ምሰሶ የሚንጠለጠሉ የጨርቅ አልጋዎች አሏቸው፤ በረዶ የገባበት የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ የገዛ ሰው ተኝቶ ቢውል ቅር የሚለው የለም። ይህን ዕረፍት ዘልለው በስድስት ሰዓት ለመመለስ የሚነሡ ብርቱዎች ይኖራሉ፤ እኔ አልመክርም።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ከወንዙ በኩል በቀኝ ስለምትመታ ቀኝ ክንድዎንና አንገትዎን ይሸፍኑ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው 11፡30 ካለፈ በኋላ ነው፤ የኪራይ ብስክሌቶች መብራት ስለሌላቸውና ከብቶች በዚያ ሰዓት መንገዱን ይዘው ወደ ቤት ስለሚገቡ፣ 11፡00 ላይ ክራቼ ገብተው ጀንበሯ ስትጠልቅ ከወንዙ ዳር ተቀምጠው ይመልከቱ።