ለጨዋታ ከአገር ወጥቶ ደህና ቢራ ቤት ማጣት፦ ችግርና መፍትሄ

ፓስፖርቱ፣ የቢጫ ወባ ካርዱ፣ የስታዲየም ትኬቱና ማደሪያው አልቋል ብለን እንጀምራለን። ያንን ሳይጨርስ ከጅማ መነኻሪያ የሚነሳ ሰው ችግሩ ቢራ ቤት አይደለም። እዚህ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ላለው ነው፦ ናይሮቢ፣ ዳሬሰላም ወይም ካምፓላ ተገብቷል፣ ጨዋታው ነገ ነው፣ አሥራ አምስት ቲፎዞ መንገድ ዳር ቆሞ «የት እንግባ?» ይላል። ዋልያዎቹ አገር ቤት ሜዳ ባጡባቸው ዓመታት «በሜዳችን» የተባለውን ጨዋታ ሳይቀር ሊሎንግዌ፣ ዳሬሰላምና ኪንሻሳ ሄደው ተጫውተዋል። የ2027ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫም በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ስለሆነ ጥያቄው ገና ብዙ ይጠየቃል።

ችግር፦ ቤቱ ዝግ ሆኖ ጠበቀን

ረቡዕ ቀን በስድስት ሰዓት ናይሮቢ ደርሶ ባር ማንኳኳት ትርፉ ድካም ነው። ኬንያ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የአልኮል መጠጥ ቁጥጥር ሕግ መሠረት ተራ ባር ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሸጠው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል ቀን ከ8 ሰዓት ይጀምራል። ሰዓቱን የማያከብር ቤት ሞልቷል፤ ፖሊስ ሲገባ ግን የሚንገላታው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፣ ፓስፖርቱን ማደሪያው ትቶ የወጣ እንግዳም አብሮ ነው። ቀን መቀመጥ ካስፈለገ ምግብ የሚያቀርብ ሬስቶራንት ወይም ሆቴል ፈልጉ፤ የእነሱ ፈቃድ ሌላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሰዓት አቆጣጠር ነው። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፦ «ሳ ናኔ» ልክ የእኛ ስምንት ሰዓት ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን ያንኑ ሰዓት «ቱ» ይለዋል። የባሩ ኃላፊ ለአንዳችሁ በስዋሂሊ፣ ለሌላው በእንግሊዝኛ ከነገረ ግማሹ ቡድን በስምንት ሰዓት ይመጣል፣ ግማሹ ማታ በሁለት። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ስልካችሁ ላይ 14:00 ብላችሁ ጻፉና አሳዩት።

ችግር፦ ሹፌሩ የወሰደን ቤት ባዶ፣ ውድና ጨለማ ነው

ሹፌሩ ሰው ባመጣ ቁጥር የሚቆረጥለት ነገር አለ። የቦዳ ሞተረኛውም እንዲሁ። ጅማ ላይ የባጃጅ ሹፌር «ደህና ክትፎ ቤት አድርሰኝ» ሲባል እንግዳውን ወዴት እንደሚወስድ እያወቃችሁ፣ ውጭ ስትወጡ ይህን መርሳታችሁ ይገርማል።

የምትጠይቁት ሰው ከመልሱ የማያተርፍ ይሁን፦ የማደሪያችሁ የሌሊት ዘበኛ፣ ፀጉር ቆራጭ፣ ማሊያ ሻጭ። ጥያቄውም «ጥሩ ባር የት አለ?» አይሁን። እንዲህ ከጠየቃችሁት ለፈረንጅ የሚሆነውን ይጠቁማችኋል። «አንተ ደመወዝ የተቀበልክ ቀን የት ትጠጣለህ?» በሉት። ከዚያ ቤቱ በር ላይ ሁለት ነገር እዩ፦ ጥብሱ ከሰል ላይ ነው ወይስ ማሞቂያ መስታወት ውስጥ? የአገሩ ሰው በቡድን ተቀምጧል ወይስ ብቻ ብቻውን? ከሰሉ ከነደደ፣ ጠረጴዛውም በጓደኛሞች ከተሞላ ግቡ።

ስታዲየም በር ላይ ያለውን ቤት እርሱት። ካሳራኒ ስታዲየም ከመሀል ናይሮቢ ራቅ ብሎ በቲካ መንገድ በኩል ነው፤ ከጨዋታው በፊት በዚያው መንገድ ሮይሳምቡ አካባቢ መቀመጥ ይሻላል፣ ለሜዳውም ቅርብ ነው። ጨዋታው ንያዮ ከሆነ ሜዳው ራሱ መሀል ከተማ አጠገብ ስለሆነ ምርጫው ሰፊ ነው። ርካሽ ማደሪያ ፍለጋ ኢስሊ ያረፋችሁ ደግሞ እዚያ ቢራ አትፈልጉ። ሰፈሩ በአብዛኛው የሙስሊም ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚያነጋግራችሁ ሰው አይጠፋም፤ ምግብ ቤት ጠይቁት፣ ደህና አድርጎ ያሳያችኋል።

ችግር፦ ቢራው ሞቅ ብሎ መጣ

ኬንያ አስተናጋጁ «ባሪዲ ወይስ ሞቶ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀዝቃዛ ወይስ ያልቀዘቀዘ ማለቱ ነው። ጥያቄው ያልገባው ሰው «የስ» ይላል፣ ከመደርደሪያ የወረደው ይመጣለታል። «ባሪዲ ሳና» በሉ። አለቀ።

ችግር፦ ዕረፍት ሳይወጣ ግማሹ ቲፎዞ ወደቀ

የለመዳችሁት ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ነው። እዚያ በአብዛኛው የሚመጣው 500 ነው። አራት ጠርሙስ ሁለት ሊትር ሆነ ማለት ነው፤ በአገር ቤት ልክ ስድስት ቢራ ጠጥታችሁ «አራት ብቻ» እያላችሁ ነው። የኬንያው ተስከር 4.2 በመቶ ስለሆነ ይምራል። የኡጋንዳው ናይል ስፔሻል ግን 5.6 ነው፣ አይምርም። ዋራጊ የሚሉትን የኡጋንዳ ጠንካራ መጠጥ ከአረቄ ለይቶ የሚያይ ካለ እንደ አረቄ ይየው።

ችግር፦ ስጋው የተከለከለ ሆኖ ተገኘ

ንያማ ቾማ (የከሰል ጥብስ ስጋ) በኪሎ ነው የሚታዘዘው፦ «ኑሱ» ግማሽ፣ «ሮቦ» ሩብ ኪሎ። ከካቹምባሪ (የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ) እና ከኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) ጋር ይመጣል። አንድ ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ከቢራው በፊት እዘዙት፤ በባዶ ሆድ መጠጣት የላይኛውን ችግር ያባብሰዋል። የፍየል ስጋ «ምቡዚ» ነው፣ የበሬ «ንጎምቤ»፣ ዶሮ «ኩኩ»።

ታንዛኒያ ስትገቡ አንድ ቃል በቃላችሁ ያዙ፦ ኪቲሞቶ። ቃል በቃል «ትኩስ ወንበር» ነው፣ የሚበላው ግን አሳማ ነው። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን «ሞቶ የሚለው ቃል አለበት፣ ትኩስ ጥብስ ይሆናል» ብሎ ሊያዝ የሚችል ሰው አለ። ካምፓላም የአሳማ ጥብስ የሚሸጥ ቤት አይጠፋም፤ እዚያ ገብቶ መቆጣት አያምርም። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ኡጋሊ በጎመን («ሱኩማ ዊኪ») የትም አይጠፋም፤ በቅቤ ወይም በስጋ መረቅ አለመሠራቱን ጠይቁ።

ችግር፦ ሂሳቡ አልገጥም አለ

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተደምሮ የዚህን ያህል ምሽት አላበላሸም። ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ምሽቱ ሞቋል፣ ዘፈኑ ተዘፍኗል፣ ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል። ጠረጴዛው 38 ጠርሙስ ነው የጠጣነው ይላል፤ ወረቀቱ 52 ይላል። አንዱ ይነሳል፣ ወንበር ይወድቃል፣ ዘበኛው በሩን ይዘጋል።

ሁሉም «ሌባ!» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሌባ የለም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ግሮሰሪ ስትቀመጡ ባዶው ጠርሙስ ከፊታችሁ አይነሳም። ሂሳብ ሲባል አስተናጋጇ አንገት አንገቱን በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች፤ ክርክር ቢነሳ ምስክሩ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። እዚያ ግን ሥራ በሚበዛበት ቤት አዲሱን ያመጣው እጅ ባዶውን ይዞ ይሄዳል። ምስክር የለም።

በዚያ ላይ በብዙ ቤት አስተናጋጁ መጠጡን ከባንኮኒ የሚያወጣው ወይ ከኪሱ ከፍሎ ነው ወይ በስሙ ተመዝግቦበት። «አልጠጣንም» የምትሉት እያንዳንዱ ጠርሙስ ከእሱ ይቆረጣል። እንደዚያ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ፈረቃ ሲቀየር ደግሞ ሁለተኛው አስተናጋጅ አዲስ ወረቀት ይከፍታል፣ የመጀመሪያው ያላስከፈለው መጨረሻ ላይ ተደምሮ ይመጣል። በመሀል «ኢትዮጵያ!» ብሎ አቅፏችሁ የተቀመጠው የአገሩ ሰውም ቢራውን ያዘዘው በእናንተ ወረቀት ላይ ነው። አቅፋችሁት ፎቶ ስትነሱ ማን ያዘዘው ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

መፍትሄው ከመቀመጥ በፊት ይጀምራል። የዋጋ ዝርዝሩን በስልክ ፎቶ አንሱ። ዝርዝር ከሌለ «ቤይ ጋኒ?» ብላችሁ የቢራውን፣ የለስላሳውንና የኪሎ ስጋውን ዋጋ አስጽፉ። ዋጋ መጻፍ የማይፈልግ ቤት ለሦስት ሰው ምናልባት ይሆናል፤ ለአሥራ አምስት ሰው አይሆንም፣ ውጡ።

አንድ ገንዘብ ያዥ ይኑር፣ እሱም የማይጠጣ ይሁን። ከጅማ በሚነሳ ቡድን ውስጥ የማይጠጣ ሰው አይጠፋም፤ ግን ዳር አስቀምጣችሁ አትርሱት። የሚጠጣውን ቡድኑ ይክፈልለት። ስቶኒ ታንጋዊዚ የሚባለው ጉሮሮ የሚይዝ የዝንጅብል ለስላሳ ኬንያም ታንዛኒያም አለ፣ ይወደዋል።

ማዘዝ የሚችለው ገንዘብ ያዡ ብቻ ነው። መጠጡ በመጣ ቁጥር እዚያው ይከፈል፤ አስተናጋጁ ቅር አይለውም፣ እንዲያውም ይገላገላል። ለዚህ ኬንያ ላይ 100፣ 200 እና 500 ሽልንግ አስቀድማችሁ ዘርዝሩ። በየዙሩ 1000 የሚዘረጋ ሰው መልስ እየጠበቀ ሳያውቀው ቀጣዩን ዙር ያዝዛል። ከድሮ ጉዞ የተረፈ አሮጌ 1000 ሽልንግ ካላችሁ ደግሞ ከመስከረም 2012 ወዲህ አይሠራም፤ ለአስተናጋጅ አትስጡ፣ ሌባው እናንተ ትሆናላችሁ።

ከዚያ ቆርኪ። ይህን የሚንቁ አሉ፤ በመጨረሻ ሰዓት የሚጮኹትም እነሱ ናቸው። ጠርሙሱ እናንተ ፊት ይከፈት፣ ቆርኪው ገንዘብ ያዡ ፊት ያለ ብርጭቆ ውስጥ ይግባ። ለዕጣ ሲባል ቆርኪ ሲፈቀፍቅ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። ብርጭቆው ሲሞላ በፌስታል፣ ፌስታሉ በኪስ። ክርክር ሲነሳ ዘርግፉና በአሥር በአሥር ደርድሩት፤ 38 ቆርኪ ፊት 52 ብሎ የሚጸና ኃላፊ እምብዛም የለም። ድራፍት የሚጠጣ ካለ ይህ አይሠራለትም፣ ጃምቦው በመጣ ቁጥር ይክፈል።

በኤም-ፔሳ የምትከፍሉ፣ የኬንያ ሲም ያስፈልጋል። የቲል ቁጥሩን (የቤቱን የመክፈያ ቁጥር) ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ራሳችሁ አንብቡ። አስተናጋጁ ከስልኩ የሚያነብላችሁን ቁጥር በፍጹም አትቀበሉ። በፍጹም።

ጸቡ ከተነሳ በኋላ የሚደረገው ትንሽ ነው። አስተናጋጁን ትታችሁ ኃላፊውን ጥሩ፣ የባንኮኒውን መዝገብ በየአስተናጋጁ ስም እንዲያነብ ጠይቁ፣ የተስማማችሁበትን ክፈሉ፣ ለቀረው ተደራደሩ። አንድም ሰው አይውጣ። ነገሩን ወደ ፖሊስ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ሳይሆን «እኔ እንደሆነ የጠጣሁት ሁለት ነው» ብሎ ሾልኮ የወጣው ሰው ነው። ዝርክርክ ቡድን ከሌባ አስተናጋጅ ይብሳል።

ችግር፦ ማሊያችን ሰው አስቆጣ

ዳሬሰላም ላይ አረንጓዴና ቢጫ የያንጋ ቀለም ነው፣ ቀይ የሲምባ። አረንጓዴና ቢጫ ለብሳችሁ የሲምባ ደጋፊ የሞላበት ቤት ብትገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ባላጋራቸውን ነው። ሦስቱም ቀለም ያለበት ባንዲራ አንገት ላይ ከተጣለ ግን ይስቃሉ፣ ወንበርም ይስባሉ። ናይሮቢም ጎር ማሂያ አረንጓዴ ነው፤ ከኤኤፍሲ ሊዮፓርድስ ጋር በሚጫወትበት ቀን አረንጓዴ ማሊያችሁን ሻንጣ ውስጥ ተዉት።

ችግር፦ ከቡድኑ አንድ ሰው ራሱን ስቶ ተገኘ፣ ስልኩና ኪሱ ባዶ ነው

ናይሮቢ «ምቼሌ» ይሉታል፤ ቃሉ ሩዝ ነው፣ ነገሩ መጠጥ ውስጥ የሚጨመር የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው። ክፍት ብርጭቆ ትቶ ሽንት ቤት መሄድ የለም፤ ከተሄደ ተመልሶ መጠጣት የለም። የማታውቁት ሰው የጋበዛችሁ መጠጥ እናንተ ፊት ይከፈት፣ የቆርኪው ሕግ እዚህም ይሠራል። ራሱን የሳተውን «ይተኛበት» ብላችሁ አልጋ ላይ አትተዉት፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የቀሩት

ጫት ይዛችሁ አትሻገሩ። ኬንያ ሚራ ብላ በገበያ ትሸጠዋለች፤ ታንዛኒያ ግን የተከለከለ ዕፅ ነው፣ ግብጽም እንዲሁ። ከናይሮቢ በአውቶቡስ ወደ ዳሬሰላም የምትቀጥሉ የጃኬት ኪሳችሁን ሳይቀር አራግፉ። ከጅማ የተነሳች አንዲት የጫት እስር የሁሉንም ሰው ጨዋታ ታስቀራለች።

ካይሮ መንገድ ላይ ቢራ ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ መሀል ከተማ ታላት ሀርብ አካባቢ ተቀምጦ መጠጣት ይቻላል። እንግሊዝ ዕድሉን ያገኘ ደግሞ በር ላይ «ለባለሜዳው ደጋፊ ብቻ» የሚል ካለ አይከራከር፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አስተናጋጅ አይጠብቅ፣ ባንኮኒ ሄዶ ከፍሎ ይዞ ይመለስ። ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሜዳው በሚታይበት መቀመጫ ላይ መጠጣት በሕግ ስለተከለከለ ብርጭቆውን ከመግባቱ በፊት ይጨርስ።